ምላጩን አትጫኑት

በዚህ ቡለቲን ላይ ከዚህ በፊት ስለ ጊዜ አጠቃቀም፣ ስለ ኩረጃ፣ ስለ ሥራ ፈጠራና ስለ ኢንተርንሺፕ ብዙ ቁም ነገር ተጽፏል። እኔ ዛሬ ይዤላችሁ የቀረብኩት ጉዳይ ግን ከነዚህ አንዱም አይደለም። ስለ ጢም ነው። «ምን ሥራ ፈታ ይሄ ልጅ!» የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። የዶርም ጓደኞቼም ርዕሱን ስነግራቸው የሳቁትን ሳቅ የማውቀው እኔ ነኝ። ሆኖም ከሳቁት መካከል ሁለቱ በማግስቱ ለየብቻቸው መጥተው «እስቲ አንገቴን እየው፣ ምንድነው እንደዚህ የሚያደርገኝ?» ብለው ጠይቀውኛል። ስለዚህ ጉዳዩ የሚያስቅ ቢመስልም የብዙዎቻችን ነው ብዬ ለመጻፍ ደፈርኩ።

ሴት አንባቢዎቻችንም ገጹን እንዳታልፉት አደራ። ወንድም አላችሁ፣ ነገም ወንድ ልጅ ትወልዱ ይሆናል።

በኔ እምነት አብዛኞቻችን ወጣት ወንዶች ጢም መላጨትን ማንም አላስተማረንም። ሳንማር ስለምንጀምር ራሳችንን እንጎዳለን፤ ከዚያም ጉዳቱን «የኔ ቆዳ ድሮም እንደዚህ ነው» ብለን ተቀብለነው እንኖራለን። እኔ የምለው ግን መላጨት በአንድ ወር ውስጥ ሊለመድ የሚችል ሙያ ነው። ለመማሪያም ከሁሉ የሚሻለው ያ አባቶቻችን የተጠቀሙበት፣ አንድ ምላጭ ብቻ የሚገባበት የብረት መላጫ ነው። ምክንያቴን ላስረዳ።

እንዴት ጀመርኩ?

ጢሜ ብቅ ማለት የጀመረው አሥረኛ ክፍል ሆኜ ነው። አባቴ ያየኝ ነበር፤ ግን በጉዳዩ ላይ አንድም ቃል ተንፍሶ አያውቅም። እኔም አልጠየቅኩትም። እንዴት ተብሎ ይጠየቃል? በኛ ቤት አባትና ልጅ የሚያወሩት ስለ ፈተና ውጤት ነው። እናም አንድ ቀን ከሰፈራችን ሱቅ አንድ ምላጭ ገዛሁና እርሳስ ስንቀርጽ እንደምናደርገው ለሁለት ሰበርኩት። ግማሹን በጣቶቼ ይዤ ሽንት ቤት ገብቼ በደረቅ ቆዳዬ ላይ ላፍ ላፍ አደረግኩት። የላይኛው ከንፈሬ ሦስት ቦታ ደማ። ለእናቴ «ኳስ ስንጫወት ነው» አልኳት። እሷም እያወቀች ዝም አለችኝ።

ግቢ ስገባ ደግሞ ወደ ፕላስቲኳ መላጫ ተዛወርኩ። ተጠቅመው የሚጥሏት ናት ይባላል እንጂ ተማሪ ሆኖ ማን ይጥላታል! አንዷን ከአንድ ወር በላይ እገፋባት ነበር። ስትደነዝዝብኝ የማደርገው ነገር አንድ ብቻ ነው፤ የበለጠ እጫናታለሁ። ሁለተኛ ዓመት ላይ አንገቴ ሥር ትናንሽ እባጮች ተደረደሩ። ሲያሳክኩኝ አካቸዋለሁ፣ ስላካቸው ይደማሉ፣ ሲደርቁ ጥቁር ምልክት ይተዋሉ። ያንን ለማጥፋት ብዬ ደግሞ ይበልጥ አስጠግቼ እላጫለሁ። እንደዚህ እያልኩ አንድ ዓመት ሙሉ ከገዛ አንገቴ ጋር ተጣላሁ።

ባለፈው ዓመት የፕሮጀክት ፕሬዘንቴሽን ነበረን፤ ቀኑ ሰኞ ነው። አርብ ማታ ከግቢ ውጭ ወዳለ አንድ ጸጉር ቤት ሄድኩ። ልጁ ከኔ በፊት የነበረውን ሰው አንገት ያስተካከለበትን ቶንዶስ በብሩሽ ጠረግ ጠረግ አደረገና እኔ ላይ ቀጠለ። «ወንድሜ፣ አልኮል አታደርግበትም?» የሚለው ቃል አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። ነገር ግን ሰው ወረፋ ይጠብቃል፤ አፈርኩና ዋጥኩት። በቶንዶሱ ከጨረሰ በኋላ በምላጭ ከታች ወደ ላይ ግጥም አድርጎ ላጨኝ። ወጥቼ አንገቴን ስዳብሰው እንደ መስታወት ልሙጥ ነበር። ደስ አለኝ።

እሁድ ጠዋት ስነሳ አንገቴ አብጧል። ሰኞ መግል ይዞ ኮሌታዬ ላይ ይለጠፍ ጀመር። ስለ ጊር ቦክስ ንድፋችን እያስረዳሁ አንድ እጄ አንገቴ ላይ ነበር። መምህራችን ምንም ሳያውቁ «አንገትህን ልቀቀውና ወደ ስክሪኑ ጠቁም እንጂ» ሲሉኝ ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። የተናገርኩትን ዛሬም አላስታውሰውም፤ ያስታወስኩት የኮሌታዬን ነጠብጣብ ብቻ ነው።

ለምን እኛን?

በማግስቱ ክሊኒክ ሄድኩ። ያዩኝ ጤና መኮንን ብዙም አልተገረሙም። ነገሩ በአጭሩ እንዲህ ነው አሉኝ። የኛ ጢም ጠምዛዛ ነው። በጣም አስጠግተን ስንቆርጠው የቀረው ጫፍ እንደ ሹል ሆኖ ይቀራል። ሲያድግ በመጠምዘዙ ምክንያት ጫፉ ተመልሶ ቆዳ ውስጥ ይገባል፤ አንዳንዴም ከቆዳው ሳይወጣ እዚያው ውስጥ ይታጠፋል። ሰውነታችን ይህን ጸጉር እንደ ባዕድ እሾህ ይቆጥረውና ያብጣል፣ ይቀላል፤ ጀርም ሲጨመርበት ደግሞ ይመግላል። ስለዚህ ያ ያስደሰተኝ «እንደ መስታወት ልሙጥ» ራሱ የችግሩ መጀመሪያ ነበር ማለት ነው።

ይህ የኔ ብቻ ችግር እንዳልሆነ ያወቅኩት በኋላ ሳነብ ነው። በቆዳ ሕክምና ጽሑፎች ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ግምት ከጥቁር አሜሪካውያን ወንዶች መካከል ከ45 እስከ 83 በመቶ የሚሆኑትን እንደሚያጠቃ ይገልጻል። በአሜሪካ ጦር ውስጥ በየቀኑ መላጨት ግዴታ ስለሆነ ጥቁር ወታደሮች በዚህ ጉዳይ ለረጅም ዓመታት ሲቸገሩ ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ2020 የአየር ኃይሉ ለዚህ ሕመም የሚሰጠው የሐኪም ፈቃድ እስከ አምስት ዓመት እንዲያገለግል አድርጎ ነበር፤ በ2025 ደግሞ ደንቡ መልሶ ጠብቋል። እኛ ግን እንኳን ስለ ፈቃድ ልናወራ፣ ለነገሩ ስም እንኳ ሳንሰጠው «የጢም ብጉር» እያልን እናልፈዋለን።

ሌላም አሉኝ። «እባጩስ ይሁን፤ የባሰው በማይጸዳ መሣሪያ የሚመጣው ነው።» ኤች አይ ቪን ሁላችንም በፀረ ኤድስ ክበብ ተምረናል። የጉበት በሽታ የሚያመጣው የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ግን ከሰውነት ውጭ ቢያንስ ሰባት ቀን ሳይሞት እንደሚቆይ ስንቶቻችን እናውቃለን? ደሙ በዓይን የማይታይ ቢሆን እንኳ ማስተላለፍ ይችላል። እኔ ያን ዕለት አርብ ማታ ወረፋ የሚጠብቁትን ሰዎች አፍሬ ዝም ያልኩት በዚህ ላይ ነበር። ስለዚህ ጸጉር ቤት የምትሄዱ ጓዶች፣ «አዲስ ምላጭ አውጣ፣ ቶንዶሱን አጽዳው» ለማለት አትፈሩ። ጠንቃቃ ባለሙያ በዚህ አይቀየምም። የራሳቸውን ቶንዶስ ይዘው የሚሄዱም አሉ፤ ልክ ናቸው።

የጋሼ መላጫ

ጤና መኮንኑ ቢያንስ ለአንድ ወር እንዳልላጭ አዘዙኝ። ጢሜን አጎፍሬ ለሴሚስተር ዕረፍት አጎቴ ዘንድ ሄድኩ። አጎቴ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ናቸው። ከ65 ዓመት በላይ ቢሆናቸውም አንገታቸው ላይ አንድ ነጥብ የለም።

«እስቲ ና፣ ወደ ብርሃኑ ዙር» አሉኝ። አገጬን ቀና አድርገው አዩና «ይኼንን ማን ነው ያረሰው?» አሉ።

«እኔው ነኝ ጋሼ፤ ጸጉር ቤትም ነበር።»

«ስትላጭ ምን ያህል ትጫነዋለህ?»

«እስኪቆርጥ ድረስ ነዋ!»

ሳቁ። «እንግዲያው ምላጩ ምን ሥራ አለው? ሥራውን አንተ ከሠራህለት!»

ከዚያ ከመሳቢያቸው አንድ የብረት መላጫ አወጡ። በደርግ ዘመን አስተማሪ ሆነው የመጀመሪያ ደመወዛቸውን ሲቀበሉ መርካቶ የገዙት ነው። ሦስት ክፍል አለው፤ ጎበጥ ያለ ክዳን፣ ከሥሩ የሚገባ ከለላና የሚሽከረከር እጀታ። ምላጩ በክዳኑና በከለላው መካከል ይቀመጥና እጀታው ሲጠብቅ ይታሰራል። ዕቃው በእጅ ሲያዝ ይከብዳል። «ክብደቱ በቂ ነው። አንተ የምትጨምርበት ነገር የለም» አሉኝ።

የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት ምን እንዳስደረጉኝ ታውቃላችሁ? ምላጭ ሳይገባበት በባዶው መላጫ፣ ፊቴን አረፋ ቀብቼ እንድላጭ። በባዶ መላጫ! የአጎቴ ልጆች በሳቅ ሞቱ። እኔም የመጀመሪያውን ቀን ተናድጄ ነበር። በሦስተኛው ቀን ግን እጄ የራሱን ጥፋት ማየት ጀመረ። አገጬ ጋ ስደርስ ሳላውቀው እጫናለሁ፤ አንገቴ ጋ ስወርድ እጀታው ይዘምምብኛል። ምላጭ ቢኖርበት ኖሮ እነዚህ ሁሉ ደም ነበሩ።

ዕቃው ከየት መጣ?

የምህንድስና ተማሪ አይደለሁ፣ ነገሩን ሳልመረምር አላለፍኩም። ስለት ላይ ከለላ የማድረግ ሐሳብ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1880 ካምፕፌ የተባሉ ወንድማማቾች ኒው ዮርክ ውስጥ ከለላ ያለው መላጫ አስመዝግበው ነበር፤ የሚገባበት ስለት ግን ወፍራምና በየጊዜው መሳል ያለበት ነበር። የዛሬውን ዓይነት ያመጣው ኪንግ ካምፕ ጂሌት ነው። ሰውየው መሐንዲስ ሳይሆን የቆርኪ ኩባንያ ተዘዋዋሪ ሻጭ ነበር። ቆርኪ አንዴ ከተከፈተ እንደሚጣል ሁሉ፣ የማይሳልና ሲደነዝዝ የሚጣል ስስ ምላጭ ቢኖርስ ብሎ አሰበ። ባለሙያዎች እንደዚያ ስስ የሆነ ብረት ጠንክሮ ስለት ሊይዝ አይችልም አሉት። መላ ያገኘለት ዊልያም ኒከርሰን የተባለ መሐንዲስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1903 ሽያጭ ሲጀምሩ በዓመቱ የሸጡት መላጫ 51፣ ምላጭ ደግሞ 168 ብቻ ነበር። የፈጠራ መብቱ በተመዘገበበት በ1904 ግን የመላጫው ሽያጭ ከ90 ሺህ በላይ ደረሰ። አሜሪካ አንደኛው የዓለም ጦርነት ውስጥ ስትገባ መንግሥት ለወታደሮቹ 3.5 ሚሊዮን ያህል መላጫ አዘዘ። ወታደሮቹ ሲመለሱ ቤታቸው መላጨትን ለምደው ተመለሱ።

ከዚያ በኋላ የመጣው የቁጥር ውድድር ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 ሁለት ምላጭ ያለው መጣ፣ በ1998 ሦስት ምላጭ ያለው፣ በ2006 ደግሞ አምስት ምላጭ ያለው ገበያ ላይ ዋለ። የማስታወቂያው አባባል የመጀመሪያው ምላጭ ጸጉሩን ሳብ ያደርጋል፣ ቀጣዩ ከሥር ይቆርጠዋል የሚል ነው። ለለስላሳና ቀጥ ላለ ጢም ጥሩ ሊሆን ይችላል። ለኛ ጠምዛዛ ጢም ግን ከሥር መቆረጥ ማለት ያ ጤና መኮንን የነገሩኝ ነገር ነው። በርግጥ ባለ ብዙ ምላጩን ብቻውን ጥፋተኛ ማድረግ አልፈልግም፤ በጉዳዩ ላይ ሐኪሞችም ሁሉም አንድ ቃል አይደሉም። በጣም አታስጠጉ የሚለው ምክር ግን የብዙዎቹ ነው። አንድ ምላጭ ያለው መላጫ ደግሞ ይህን ለመቆጣጠር ይመቻል።

አሁን ወደ ሙያችን ልምጣ። ምላጩ ውፍረቱ 0.1 ሚሊሜትር ነው። በጣት ሲያዝ ይታጠፋል፣ ይንቀጠቀጣል። መላጫው ውስጥ ሲታሰር ግን ክዳኑ ያጎብጠዋል፤ መጉበጡም ያጠነክረዋል። የቤታችንን ጣራ ቆርቆሮ አስቡት፤ ሸንተረር ባይኖረው ኖሮ አንድ ሰው አይሸከምም ነበር። ከለላው ደግሞ ከስለቱ ፊት ያለውን ቆዳ ይይዛል፤ ስለቱ ወጣ የሚለው በጣም በጥቂቱ ነው። ስንጫነው ምን ይሆናል? ቆዳችን በከለላውና በስለቱ መካከል ባለው ክፍተት ገብቶ ያብጣል። ያን ጊዜ ስለቱ የሚያገኘው ጸጉሩን ብቻ ሳይሆን ቆዳውንም ጭምር ነው። ስለዚህ መጫን ከለላውን ከነጭራሹ ከጥቅም ውጭ ማድረግ ነው።

የሚገርመኝ ሌላ ነገር ላንሳ። እ.ኤ.አ. በ2020 ኤም አይ ቲ ውስጥ ያሉ ተመራማሪዎች ብረት በጸጉር ለምን እንደሚደነዝዝ የሚያሳይ ጥናት «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት አውጥተዋል። የምላጭ ብረት ከጸጉር 50 ጊዜ ያህል ይጠነክራል። ታዲያ ለምን ይደነዝዛል? አንድ የዶክትሬት ተማሪ የራሱን ጢም እየላጨ ምላጩን በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲያየው፣ ስለቱ ከመላግ ይልቅ ጫፉ ላይ እየተሸረፈ መሆኑን አገኘ። ጸጉሩ ዘምሞ ሲመጣና ብረቱ ውስጡ ወጥ ያልሆነበት ቦታ ላይ ሲያርፍ ይሸርፈዋል። ዶክትሬቱን በጢሙ የሠራ ተማሪ ካለ፣ እኔ በአንድ የቡለቲን ገጽ ብጽፍ ምን ይደንቃል?

ለጀማሪ

ከአጎቴ የተማርኩትንና በራሴ ደም ያረጋገጥኩትን እነሆ።

አንደኛ፣ ደረቅ ጢም አትላጩ። ከሻወር በኋላ ተላጩ፤ ሻወሩ ውሃ ከሌለው (ግቢያችንን ታውቁታላችሁ) ፎጣ በሞቀ ውሃ ነክራችሁ ሁለት ሦስት ደቂቃ ፊታችሁ ላይ ያዙት። ውሃ የጠጣ ጢም ይለሰልሳል፣ ለመቁረጥም ብዙ ጉልበት አይፈልግም። እኔ ከካፌ የሻይ ውሃ ለምኜ በጆግ ነው የምወስደው። በመጀመሪያ «ለምንህ ነው?» ይሉኝ ነበር፤ አሁን ሲያዩኝ ይቀዱልኛል።

ሁለተኛ፣ ሳሙናውን በብሩሽ ወይም በእጃችሁ በደንብ አረፋ አድርጉት። አረፋው ለውበት ሳይሆን ምላጩ እንዲንሸራተት ነው። አረፋው ከሄደበት ቦታ ላይ ዳግም ምላጭ አታሳልፉ።

ሦስተኛ፣ ጢማችሁ ወዴት እንደሚያድግ ቀድማችሁ በጣታችሁ ዳብሱ። ልስልስ የሚለው አቅጣጫ እድገቱ ነው፤ የሚሻክረው ተቃራኒው ነው። አንገት ላይ አንዱ ወደ ታች፣ አንዱ ወደ ጎን ያድጋል። እኔ ይህንን የማውቀው ይመስለኝ ነበር፤ ለካ የግራ አንገቴን ዓመት ሙሉ በተቃራኒው ስላጭ ኖሬያለሁ!

አራተኛ፣ ማዕዘኑን ያዙ። ክዳኑን ጉንጫችሁ ላይ አስደግፉና እጀታውን ቀስ በቀስ ዝቅ አድርጉት፤ ስለቱ ቆዳውን ሲነካ ቁሙ። ወደ 30 ዲግሪ ይሆናል። በአጭር በአጭሩ፣ ሁለት ሦስት ሴንቲሜትር እያላችሁ፣ በየመሐሉ ምላጩን እያጠባችሁ ቀጥሉ። መላጫው በገዛ ክብደቱ ይውረድ። እጀታውን ከሥሩ በሁለት ጣትና በአውራ ጣት ብቻ ብትይዙት ለመጫን አቅም ስለማይኖራችሁ ለጀማሪ ይረዳል።

አምስተኛ፣ አንዴ በእድገቱ አቅጣጫ መላጨት ይበቃል። ካስፈለጋችሁ አረፋ ደግማችሁ በጎን አሳልፉት። በተቃራኒው ግን ተዉት፤ በተለይ እባጭ ያለበት ሰው። ትንሽ የሚሻክር ነገር ቢቀር ምን ችግር አለው? ማን ነው ጉንጫችሁን የሚዳብሰው? (ካለም፣ እሷ ከእባጩ ይልቅ ይህን ትመርጣለች።)

ስድስተኛ፣ በቀዝቃዛ ውሃ ታጠቡ፣ ሳትፈትጉ አድርቁ። ምላጩን ከሦስት እስከ አምስት ጊዜ ከተጠቀማችሁ በኋላ ቀይሩት። እባጩ ከመገለ፣ ካበጠ ወይም ጠባሳው እያደገ ከሄደ ግን ምላጩን አስቀምጡና ሐኪም ዘንድ ሂዱ።

እኔ የመጀመሪያው ቀን አገጬን ሁለት ቦታ ቆረጥኩ። የሁለተኛው ሳምንት አንድ ቀን ክፍል ረፈደብኝ ብዬ ተጣድፌ ከጆሮዬ ሥር ሸረከትኩት። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው ይኼ ነው። ከአንድ ወር በኋላ ግን አዲስ እባጭ ቀረ። ጥቁሮቹ ምልክቶች እየደበዘዙ ናቸው፤ ገና አልጠፉም።

የሚነሱ ተቃውሞዎች

«ማን ጊዜ አለው?» ይሉኛል። እኔን የሚፈጅብኝ 15 ደቂቃ ነው፤ ያውም በሦስት ቀን አንዴ። ላውንጅ ተቀምጠን የምናጠፋውን ጊዜ እንቁጠረው እንዴ?

«ውድ ነው» የሚሉም አሉ። መያዣው አንዴ ይገዛል፤ የአጎቴ ከደርግ ዘመን ጀምሮ እስከ ዛሬ ይሠራል። ከዚያ በኋላ የምንገዛው ምላጩን ብቻ ነው። እሱም ሁለት ስለት አለው።

«ለምን ጢምህን አታሳድገውም? ፋሽኑም እኮ እሱ ነው» ላሉኝ ግን የምመልሰው የለኝም፤ ልክ ናቸው። ሐኪሞቹም ለዚህ ሕመም ከሁሉ የሚሻለው መድኃኒት አለመላጨት ነው ይላሉ። ነገር ግን ሁሉም ሥራ ቤት፣ ሁሉም ቤተሰብ ይህን አይፈቅድም። መላጨት ያለበት ሰው እንዴት እንደሚላጭ ይወቅ ነው የምለው።

አንድ እውነተኛ ተቃውሞ ያነሱብኝ የዶርማችን ጽዳት ሠራተኛ ናቸው። አንድ ቀን እጃቸውን በጨርቅ አስረው አየኋቸውና «እትዬ፣ ምን ሆኑ?» ስላቸው፣ «እናንተው ናችኋ ልጄ! ምላጭ ከቆሻሻው ጋር ትጥላላችሁ» አሉኝ። የኔ ይሁን የሌላ ሰው አላውቅም፤ አፈርኩ። አጎቴ ያገለገለ ምላጭ የሚከቱት ክዳኑ ላይ ቀጭን ቀዳዳ በተሠራለት የዱቄት ወተት ጣሳ ውስጥ ነው። አሁን እኛም ዶርም አንድ ጣሳ አለን። በየዶርሙ አንድ አንድ ጣሳ ማስቀመጥ ከባድ ነገር አይደለም፤ የተማሪዎች ኅብረታችን ቢያስብበት መልካም ነው።

ለማጠቃለል

ባለፈው ክረምት ቤት ስሄድ ታናሽ ወንድሜ ዘጠነኛ ክፍል ጨርሷል። አንድ ቀን ሽንት ቤት ገብቶ ቆየ። ሲወጣ ከላይኛው ከንፈሩ ላይ ወረቀት ለጥፏል። ኪሱን ስፈትሸው ግማሽ ምላጭ አገኘሁ፤ ያውም ከጓደኛው የተቀበለው! ጆሮውን ልይዘው ነበር። ግን እኔ ራሴ ያን ዕለት ለእናቴ ያልኳት ትዝ አለኝና ተውኩት።

በማግስቱ በረንዳ ላይ መስታወት ሰቀልኩ፣ ውሃ አሞቅኩ፣ በባዶው መላጫ አስጀመርኩት። «አትጫነው» እላለሁ፤ ይጫነዋል። «አትጫነው አልኩህ፣ በራሱ ይወርዳል።» አባቴ ጋዜጣውን ይዞ በሩ ላይ ቆሞ ያየን ነበር። መቼ እንደመጣ አላወቅንም። ሊቆጣ ነው ብዬ ጠብቄ ነበር። ዝም ብሎ ካየን በኋላ አንገቱን ዳሰስ አደረገና «እኔንም ማንም አላሳየኝም» አለ። ሌላ አልጨመረም፤ ጋዜጣውን ይዞ ተመለሰ።

ያን ቀን ማታ የአባቴን አንገት ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ አየሁት። የኔው ነው። እነዚያ ጥቋቁር ነጥቦች፣ እነዚያ ጠባሳዎች ሁሉ አሉ። ዕድሜውን ሙሉ ሲላጭ «የኔ ቆዳ እንደዚህ ነው» ብሎ ኖሯል ማለት ነው። እኔም ያንኑ ወርሼ ልሄድ ነበር።

ስለዚህ ወንድሞቼ፣ የምታውቁ አሳዩ፤ የማታውቁ ጠይቁ። እህቶቼም፣ ወንድማችሁ ወረቀት ለጥፎ ሲወጣ አትሳቁበት። አባት የምትሆኑም ልጃችሁ ሱቅ ሄዶ ምላጭ ከመግዛቱ በፊት ቀድማችሁ አንድ ጠዋት ስጡት። አባቴ እስከ አሁን መላጫውን አልጠየቀኝም። እኔ ግን በሚቀጥለው ዕረፍት ሁለተኛ ይዤ እሄዳለሁ።

ቸር ይግጠመን።